ደሴ ላይ 85 ዴሲቤል 83 ነው፤ ለነባር አምፕሊፋየር ስፒከር ስለመምረጥ የተካሄደ ክርክር

ጥያቄውን የለጠፈው ሰው ከደሴ፣ ከሆጤ በኩል ነው። ማራንዝ ፒኤም6006 አምፕሊፋየር አለው፤ በ8 ኦም 45 ዋት፣ በ4 ኦም 60 ዋት የሚሰጠው (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ይስባል)። ሲዲ ማጫወቻውም ጤነኛ ነው። የጎደለው ስፒከር ነው፤ አሁን የሚያዳምጠው ከድሮ ቴፕ በተረፈ ጥንድ ነው። ሦስት እጩ አቅርቧል፦ ኬፍ ኤልኤስ50 ሜታ፣ ሃርቤዝ ፒ3ኢኤስአር እና ክሊፕሽ ሄረሲ 4። ሳሎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ምንጣፍ የለበሰ፣ ሦስቱ ግድግዳ ዙሪያውን መጅሊስ ነው። የሚሰማው መንዙማ፣ ትዝታና አምባሰል፣ አንዳንዴም ጃዝ። አንዴ ገዝቼ ልገላገል፣ የቱን ልውሰድ ነው ጥያቄው። ክፍሉን በሜትር ለክቶ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገጥምም፤ የጥያቄና መልሱ ክር የረዘመውም በዚህ ይመስለኛል።

መልስ 1 በሰላምታ ተጀምሮ በቀጥታ ወደ ቁጥር ይገባል። አምፕሊፋየሩ ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚታየው የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ማለትም ትንሽ ኃይል ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያወጣል የሚለው። ኬፍ 85፣ ሃርቤዝ 83.5፣ ሄረሲ 99 ብለው ጽፈዋል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ 10 ለመጨመር አሥር እጥፍ። በ85 እና በ99 መካከል ያለው 14 ዴሲቤል 25 እጥፍ ኃይል ነው። ኬፍ 45 ዋት ጠጥቶ የሚያወጣውን ድምፅ ሄረሲ ከ2 ዋት ባነሰ ያወጣዋል ማለት ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሄረሲን ግዛ ወደሚል ድምዳሜ መሮጡ ችኮላ ነበር።

መልስ 2 ያንን አርሟል። መለኪያው 1 ዋት ሳይሆን 2.83 ቮልት ነው ይላል። 8 ኦም ላይ 2.83 ቮልት 1 ዋት ይሆናል፤ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት። 6 ኦም የሆነው ሃርቤዝ በዚያው ቮልት 1.33 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ በዋት ከሄድን 83.5 የተባለው ወደ 82 ይወርዳል። ሌላው ማስጠንቀቂያው ይበልጥ ይጠቅማል፦ ኬፍ ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል እንጂ ዝቅተኛው 3.5 ኦም ነው። ጠያቂው ያለው አምፕሊፋየር በ8 ኦም 45 ሰጥቶ በ4 ኦም 90 አይሰጥም፤ 60 ላይ ይቆማል። የኃይል ምንጩ ከረንት የሚያልቅበት ቦታ እዚያ ነው። ቅርጹን ያጣው ምልክት ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ነው። የድምፅ ቁልፉ ግማሽ ላይ ስለሆነ ግማሽ ኃይል ነው የሚለው የብዙ ሰው እምነትም ስህተት መሆኑን በዚያው ጨምሯል፤ ጠንካራ ምልክት ከገባ ቁልፉ ግማሽ ላይ እያለም አምፕሊፋየሩ ሊያልቅበት ይችላል።

መልስ 3 አንድ መስመር ነው፤ ሄረሲ ውሰድ፣ አለቀ።

መልስ 4 ከኮምቦልቻ የተጻፈ ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በካታሎግ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተለኩት ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው ይላል። ስፒከር አየር ገፍቶ ነው ድምፅ የሚያወጣው፤ አየሩ ከሳሳ ያው ሸራ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ፊት) በዚያው ፍጥነት እየተንቀሳቀሰ የሚያመነጨው ግፊት ያንሳል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ወደ ዴሲቤል ሲቀየር 2 ከምናምን ይቀነሳል። 1850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 1.6 ገደማ። ስለዚህ ደሴ ላይ 85 የተባለው 83፣ 83.5 የተባለው 81.5 ሆኖ ነው መነበብ ያለበት። በዋት ሲታሰብ ባሕር ዳርቻ 50 ዋት የሚበቃው ሰው ደሴ ላይ 80 ይፈልጋል። ስለ ዝግ ሣጥንም አንድ ነገር ጨምሯል፦ በሣጥኑ ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ደሴ ላይ ያ ስፕሪንግ በሩብ ያህል ይላላል፤ ስለዚህ ዝግ ሣጥን ቤዙ ትንሽ ዝቅ ይልና ለስለስ ይላል። ቀዳዳ ያለው ሣጥን የሚቃኝበት ድምፅ ግን አይነቃነቅም።

መልስ 5 በዚህ ተደስቶ ከልክ አለፈ። ከፍታው የድምፅንም ፍጥነት ስለሚቀንስ የክፍሉ ማስተጋባት ይለወጣል አለ። መልስ 6 በጨዋነት፣ ግን ሳይራራ መለሰው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ነው፤ 331 ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.6 ጨምር። 16 ዲግሪ የሆነ ሳሎን ውስጥ 341 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ደሴም ይሁን ጅቡቲ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ፍጥነቱ እኩል ነው። ከዚያ ጠያቂው ያላየውን ችግር አወጣ። 4 በ4 የሆነ ክፍል በርዝመቱም በስፋቱም 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) ላይ ያስተጋባል፤ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ቦታ ያብጣሉ። የማዕዘን ለማዕዘኑ 60 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የ2.80 ቁመቱስ? እሱም እዚያው፣ 61 ላይ። አንድ ኖታ ላይ ሁለት ሁለት ነገር ሲደራረብ ከበሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የትኛው ምት ጠንካራ፣ የትኛው ለስላሳ እንደሆነ መለየት ያቅታል። መጅሊሱና ምንጣፉ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ እንጂ ለዚህ ቤዝ ምንም አያደርጉም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ትንሽ ያስተነፍሳል፤ ኮንክሪት ከሆነ የለም። 48 ኸርዝ ድረስ በሙሉ ጉልበት የሚወርድ፣ ባለ 12 ኢንች ሄረሲ እዚህ ክፍል ውስጥ ማስገባት ያበጠውን ማሳበጥ ነው ብሎ ዘጋ።

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የከረረው። መልስ 7 ይህ ሁሉ ሒሳብ ለማን ነው፣ ሰው በጆሮው ነው የሚሰማው፣ በአንዱ ዋጋ ሁለት ሞንታርቦ ገዝቶ ሰፈሩን ማናወጥ ይቻላል ብሎ ተሳለቀ። መልስ 8 ምላሱን ሳይቆጥብ መጣበት። ሞንታርቦ የተሠራው ለዳስ ነው፤ 20 እና 30 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሠርገኛ። ሆርኑ (እንደ ጡሩንባ የሰፋው አፉ) ድምፁን አጥብቦ የሚወረውረውም ለዚያ ነው። 2.5 ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ጭብጨባው ፊቱን ይመታዋል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ የጎደለ ነገር ይሰማል። ደግሞ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ስፒከር የሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን የአምፕሊፋየሩንም ሽርርታ ያን ያህል ዴሲቤል ከፍ አድርጎ ያወጣል፤ ሌሊት መንዙማ ዝግ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ይህ ያናድዳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩ ስድብ ስለነበረ አልደግመውም። መልስ 7ን የጻፈው ሰው ተመልሶ አልመጣም።

መልስ 9 ከአንዲት እህት ነው፤ ክሩን ወደ ቤቱ መለሰችው። ስለ ስታንድ ማንም አልተነፈሰም ብላ ነው የጀመረችው። ካታሎጎቹ የሚያስቡት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ መጅሊስ ላይ ጆሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የ40 ሴንቲ ሜትር ስታንድ ይበቃል አለች። ነጥቧ የሚገርም ነው፤ ቁጥሩ ግን አልሠራም። መልስ 11 በአክብሮት አስልቶ አሳየ። መጅሊስ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 80 ሴ.ሜ ግድም ይሆናል፤ መከዳ ላይ በክርኑ ጋደም ያለው ወደ 60 ይወርዳል። ኬፍ ትዊተሩ በዎፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው) መሐል የተቀመጠ ስለሆነ፣ 30 ሴ.ሜ ቁመት ካለው ሣጥን መሐሉ 15 ላይ ነው። 78 ከያዝን 15 ስንቀንስ ስታንዱ 63 ይሆናል። ሃርቤዝ ትዊተሩ ወደ ላይ፣ 23 ገደማ ላይ ስለሆነ 55 ይበቃዋል። 40 ሴ.ሜ ስታንድ ለሁለቱም ያጥራል። ሄረሲ ግን ከወለል ላይ በስተኋላ ዘንበል ብሎ የሚቆም ስለሆነ ስታንድም አያስፈልገው። እህታችን ተመልሳ ተቀበለች፤ አንድ ነገርም ጨመረች፦ መጅሊስ ላይ ሰው በሦስት ግድግዳ ተበትኖ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ጋደም ብሎ ነው የሚሰማው፤ ትዊተርና ዎፈሩ ላይና ታች የሆነ ስፒከር ጆሮ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር መሐሉ ላይ ድምፁ ይለዋወጣል። እንደ ኬፍ አንድ መሐል ያላቸው ይህ ችግር ያንሳቸዋል። ማንም አልመለሰላትም እንጂ ምርጫውን የወሰነው ይህ ነው።

መልስ 10፣ 12፣ 13 እና 14 ስለ ማጓጓዝ ናቸው፤ እቃውን ከአዲስ አበባ ሲያመጡ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን ወይስ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ ይምጣ፣ ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ በምን ይውጣ የሚል ጭቅጭቅ። የሚጠቅመው አንዱ ብቻ ነው፦ ስፒከር ሲጓዝ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ ይተኛ፣ ሸራው ፊት ጠፍጣፋ ካርቶን ይደረግበት፣ የፋብሪካው ስፖንጅ አይጣል።

መልስ 15 ኃይልን ወደ ኩሽና ወሰደው። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ የሚደክምበት ቤት ከሆነ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ማረጋጊያ በሌለው የኃይል ምንጭ የሚሠራ አምፕሊፋየር የሚሰጠው ዋት በቮልቱ ካሬ ነው የሚቀንሰው፤ 180 ለ220 ሲካፈል 0.82፣ ካሬው 0.67። 45 ዋቱ 30 ይሆናል። ይህም 1.7 ዴሲቤል ነው። ከፍታው 2 ወስዷል፣ ምጣዱ 1.7 ወሰደ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ የሚፈተን ስፒከር ሳይበላሽ ይታማል ማለት ነው።

መልስ 16 ስታብላይዘር ግዛ አለ፤ ለዚህ አምፕሊፋየር 500 ቪኤ ይበቃል፣ ፍሪጅ ግን አብሮ አይሰካበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ዘሎ ስለሚመጣ ማጥፊያውን አጥፍቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንዳንድ መሣሪያ ጀርባ ላይ ከ2000 ሜትር በታች ለመጠቀም የሚል ምልክት መኖሩንም አስታውሷል፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ የኤሌክትሪክ መከላከሉም ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከዚያ መስመር በታች ናት፣ ደሴ ከላይ። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ በላይ 15 ሴ.ሜ ክፍት ቦታ ይኑር፤ ዳንቴሉም ከላዩ ይነሳ። ዳንቴሏን የሚያስነሳ ወንድ ካለ እናያለን የሚል ቀልድ ሦስት መልስ ፈጅቷል።

መልስ 20 ከሳዑዲ ዘመድ እቃ ለሚልክላቸው ነው። እዚያ በ127 ቮልት የሚሠራ የቆየ እቃ አለ፤ ከአሜሪካ የሚመጣውም 120 ነው። 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ደግሞ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ተራ ስፒከር ይህ ሥጋት የለበትም፤ አምፕሊፋየሩን በሆዱ የያዘው ስፒከር ግን አለበት።

መልስ 21 የገመድ ነገር አንስቶ ክሩን ሊያቃጥለው ነበር። ውድ ገመድ ካልተገዛ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አለ። መልስ 22 ካልኩሌተር ይዞ መጣ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 5 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 0.175 ኦም ይሆናል፤ የኬፍን 3.5 ኦም 5 በመቶ ማለት ነው፤ ይህ አይበጅም። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.07 ኦም ነው፤ በቃ። ከኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ የሚገኘው ተጣጣፊ 2.5 ሽቦ ያንን ሥራ ይሠራል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሆን ብቻ ነው፤ ጫፉን በቢላ ቧጨር ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

መልስ 27 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ሁሉንም አንብቧል፤ ሄረሲን ትቶታል፤ በኬፍና በሃርቤዝ መካከል ነው። ያ ኮምቦልቻዊ መልስ 28 ላይ አሰላለት። ኬፍ 85፣ በ45 ዋት 16.5 ሲጨመር 101.5። ጆሮ 2.8 ሜትር ላይ ስለሆነ 9 ይቀነሳል። ሁለት ስፒከር በመሆናቸውና ግድግዳው ስለሚመልስ 5 ያህል ይመለሳል። የደሴ 2 ይቀነሳል። 95 አካባቢ። ምጣድ ከተሰካ 94። ሃርቤዝ ከዚህ 1.5 ያንሳል። ቤት ውስጥ ደስ በሚል ድምፅ የሚሰማ ሰው አማካዩ ከ75 እስከ 80 ነው፤ የከበሮው ጫፍ ከዚያ 15 ይዘላል። ሁለቱም ያልፋሉ፤ ኬፍ ትንሽ ትንፋሽ አለው፤ ሃርቤዝ ጠርዝ ላይ ነው። ግድግዳ አጠገብ ለመቆም የተሻለው ግን ዝጉ ሃርቤዝ ነው። ኬፍ ከኋላ ቀዳዳ አለው፤ አብሮት የሚመጣውን የስፖንጅ ውታፍ መጠቀም ይቻላል፣ መጀመሪያ ግማሹን፣ ካልበቃ ሙሉውን።

ስለ አቀማመጡ መልስ 30 የሰጠው ልኬት ይህ ነው፦ የስፒከሩ ፊት ከኋላው ግድግዳ 70 ሴ.ሜ፣ ከጎን ግድግዳ 95። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ከሆኑ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በአንድ ኖታ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ 70 ሲሆን ጉድለቱ 122 ኸርዝ ላይ፣ 95 ሲሆን 90 ላይ ይወድቃል፤ ቢያንስ አይደራረቡም። በዚህ ልኬት በሁለቱ ስፒከሮች መካከል 2.10 ይቀራል። ጆሮ ክፍሉ መሐል ላይ አይሁን፤ 43 ኸርዝ እዚያ ይጠፋል። ግድግዳ ተደግፎም አይሁን፤ እዚያ ቤዙ ሁሉ ይከመራል። መጅሊስ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው። መፍትሔው ከጀርባ ወፍራም ትራስ ደርቦ ጆሮን 40 ሴ.ሜ ያህል ወደፊት ማምጣት ነው።

ያገለገለ ከተገዛ ምን ይታይ ለሚለው መልስ 31 አጭርና ጥሩ ነው። መልቲሜትር በኦም ላይ አድርጎ ጀርባውን መለካት፤ ስምንት ኦም የተባለ ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። የዎፈሩን ዙሪያ ማየት፤ ጎማ ይቆያል፣ ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ሸራውን በአራት ጣት እኩል ገፋ አድርጎ መልቀቅ፤ ከኮረኮረ መተው። የሁለቱ ተከታታይ ቁጥር ይመሳከር። ሽቦው ተገላብጦ እንደሆነ ለማወቅ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ በአምፕሊፋየሩ ፋንታ ለቅጽበት ማስነካት፤ ፖዘቲቩ ቀዩ ላይ ሲሆን ዎፈሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ አንዱ ወጥቶ አንዱ ከገባ ድምፁ መሐል ላይ አይቆምም። ለመስማት የሚመረጠው ደግሞ ጭብጨባ ያለበት መንዙማ ነው፤ የአንዱ እጅ ከአንዱ ተለይቶ ካልተሰማ ስፒከሩ ወይም ክፍሉ ላይ ችግር አለ። ከፍላሽ ጫኝ የተወሰደ ባለ 128 ኪሎቢት ፋይል ለዚህ ፈተና አይሆንም፤ ኬፉም የፋይሉን ጉድለት ነው የሚያጋልጠው።

ጠያቂው ኬፍ ላይ ወሰነ። የቀረው ስታንድ ነበር፤ ብየዳ ቤት የሚወስደውን ልኬት ጠየቀ። መልስ 34፦ ባለ 80 በ80 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቱቦ፣ ከታች 30 በ35 ሴ.ሜ፣ ከላይ 18 በ25 ሴ.ሜ የሆነ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ፣ ጠቅላላ ቁመቱ 63። ዙሪያው ሙሉ ይበየድ፤ ነጠብጣብ ብየዳ ከሆነ አሸዋው ይፈሳል፣ ብረቱም ይዘፍናል። በስፒከሩና በላሜራው መካከል አራት ቁራጭ ካላማዳሪያ ይግባ። ቱቦው ውስጥ የሚገባው አሸዋ 5 ኪሎ ግድም ነው። ከቦርከና የሚወጣው ይሆናል፤ ግን ታጥቦ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ እሳት ተደርጎበት እንፋሎቱ እስኪያቆም ይቆላ። እርጥብ ከገባ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። መሙያ ቀዳዳው ከላይ ላሜራ ላይ ይሁን ወይስ ከታች ብሎ ጠያቂው ሲመለስ፣ መልስ 36 ከላይ አለ፦ ስታንዱ ባዶውን ቀሎ ቤት ይገባል፣ አሸዋው እዚያው ይሞላል፣ በባለ 12 ቡሎን ይዘጋል፣ ስፒከሩም ይሸፍነዋል።